ፎቶኮፒ ቤት ተቀምጬ የጻፍኩባቸው ዓመታት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ አትማለሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ግማሹ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር ነው። ግማሹ ስለ ኑሮ። ብዙ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሠርቼዋለሁ። በጻፍኩት ነገር የገዛ አክስቴ ስታኮርፈኝ፣ በኋላም የዓመታት ጽሑፌ ድንገት ሲጠፋብኝ ግን "ምን አባቴ አስጀመረኝ!" ብዬ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ።

ሰሞኑን ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከፍኖተ ሰላምም "እኔም መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምን ትመክሪኛለሽ?" የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ ያለፍኩበትን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ስጀምር ለማን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። የቴክኖሎጂ ጽሑፍ ማለት አሜሪካ ስለወጣ አዲስ ስልክ ማውራት ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛውን አነብና የገባኝን ያህል ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የካሜራውን ሜጋፒክስል፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እደረድራለሁ። አዲስ አበባ ያሉ የኮሌጅ ጓደኞቼ "አንደኛ ነሽ!" ይሉኛል። እኔም በደስታ እቀልጣለሁ። ያን ስልክ ማርቆስ ውስጥ የያዘ ሰው ግን አላውቅም። እኔ ራሴ በፎቶ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ሱቄ የሚመጣው ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ ነው። ጥያቄውም ሌላ ነው። "ይሄ ነገር ዝም ብሎ ሂሳቤን የሚበላው ለምንድን ነው?" "የላኩት መልእክት ለምን ተቆራርጦ ደረሰ?" በቃል እመልስለትና ወደ ሜጋፒክስሌ እመለሳለሁ።

በዚያ ላይ የፎንት ጣጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ የምንጽፈው በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ ነበር። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው መቀመጫ አልነበራቸውም። በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ አማርኛ ይታያል። ፎንቱ የሌለበት ላይ ያው ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ይላል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት) የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ነገር ግን የደብዳቤው፣ የቅጹ፣ የቃለ ጉባኤው ናሙና ሁሉ በድሮው ፎንት ስለተሠራ ሱቆች ለብዙ ዓመታት ያንኑ ሙጭጭ ብለው ያዙ። እኔም ሱቅ ውስጥ የጻፍኩትን ገልብጬ ኢንተርኔት ላይ ስለጥፈው ጓደኛዬ ደውላ "ምን ቋንቋ ነው?" አለችኝ።

ዛሬም ፍላሽ ይዘው መጥተው "ፋይሌ ተበላሸ" የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። እናንተም ሳይገጥማችሁ አይቀርም። የሚታያችሁ ባዶ ሳጥን ብቻ ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑበትና ይነበባል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ከመጣ ግን በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ያንኑ ፎንት ፈልጋችሁ ክፈቱት፤ ከዚያ በዩኒኮድ እንደገና አስጽፉት። ስልክ ላይ በጂቦርድ (በጎግል ኪቦርድ) የምትጽፉት አማርኛ ዩኒኮድ ስለሆነ ከስልክ የሚጀምር ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። እኛ ነን የተሰቃየነው።

ነገሩ የተለወጠው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ከአማኑኤል የመጣች አንዲት ልጅ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ቅጽ በኢንተርኔት ልትሞላ ገባች። ጎኔ ቁጭ ብላ የወሩን ዝርዝር ስታይ ቆየችና "የኔ ወር እኮ እዚህ የለም፣ እቴ!" አለችኝ። የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ቅጹ የሚያውቀው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ነው። ከዚያ በፊት የሄደችበት ሱቅ ጨነቀውና ሴፕቴምበር 3 ብሎ ሞልቶላታል። ሌላ ወረቀቷ ላይ ደግሞ ነሐሴ 30 ሆናለች። አንዲት ልጅ ሦስት ልደት!

ቁጭ ብለን አሰላነው። መስከረም 1 ቀን 1991 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1998 ነበር። የ1990 ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች። ወደ ኋላ ስንቆጥር ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8 ላይ ዋለች። ልጅቱ እፎይ ብላ ሄደች። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ሰው ይሆን እንዲህ የልደት ቀኑ የተዘበራረቀበት?

ተነሥቼ ጻፍኩት። ጳጉሜን ለተወለዱ ሰዎች ቅጽ አሞላል። እግረ መንገዴን ሌላም ጨመርኩበት። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ሰው ሁሉ ስምንት ደምሮ ይገላገላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ የተወለደ ሰው ግን የሚደመርለት ሰባት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1990 ብትሉ ኦክቶበር 15 ቀን 1997 ነው። ጥር 5 ቀን 1990 ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ይሆናል። ይህን ባለማወቅ ወረቀት ላይ ዕድሜው በአንድ ዓመት ያነሰ ወይም የተወለደበት ቀን ከሌላ ወረቀቱ ጋር የተጣላ ስንቱን አየሁ።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ስልኬ አላረፈም። ከዳንግላ፣ ከቢቸና፣ ከእንጅባራ የማላውቃቸው ሰዎች "የኔንም አስዪልኝ" ብለው ደወሉ። ባህር ዳር ለእቃ ግዥ ስሄድ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ጽሑፌን ተለጥፎ አየሁት። ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ። ስሜ ግን የለበትም። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ትንሽ ቆይቼ ሳቄ መጣ። ስለ አሜሪካ ስልክ የጻፍኩትን ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ የአዲስ ስልክ ወሬ ተውኩ። ከካውንተሩ ሥር አንድ ደብተር አስቀመጥኩ። ደንበኛ የጠየቀኝን በራሱ አነጋገር እመዘግባለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ደብተሩን ውሰዱ። ርዕስ አያልቅባችሁም። ርዕሱንም ሰው እንደጠየቀው ጻፉት። "የስልክ ማከማቻ አያያዝ" ያልኩትን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። "ስልኬ ሞላ ይለኛል፣ ምን ላድርግ?" ብዬ ስቀይረው ግን ሰው ተቀባበለው። (መልሱ፣ ለሚቸገር፦ ብዙ ጊዜ ስልኩን የሞላው ቴሌግራም ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብታችሁ ካሹን (ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን የፎቶና የቪዲዮ ኮፒ) አጽዱ። ቻታችሁ አይጠፋም፤ ፎቶና ቪዲዮውንም ስትፈልጉ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ።)

ከደብተሩ ከወጡት ውስጥ የምወደው የእድሩ ጉዳይ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ለቀብር ጥሪ በአማርኛ መልእክት ይልካሉ። "አንድ ልኬ የሦስት ያስከፍለኛል፣ ሌባ ነው ይሄ ስልክ!" ብለው ስልኩን ካውንተሩ ላይ ጣል አደረጉት። ሌብነት አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ የጽሑፍ መልእክት እስከ 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል፤ ሂሳቡም በቁራጭ ነው። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። እኒህ ሰው "በታላቅ ኀዘን እንገልጻለን" ብለው ጀምረው የሟችን የትውልድ ሐረግ ሁሉ ይዘረዝሩ ነበር። አብረን አሳጠርነው። "አርብ 3 ሰዓት ቀብር አብማ ማርያም። እድርተኛ እንዳይቀር።" አሁን አንድ መልእክት ትበቃቸዋለች።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። "ኢንተርቪው 8:30" የሚል ኢሜይል የደረሰው ልጅ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ ሸሚዙን ተኩሶ ይደርሳል። ጠሪው የፈለገው ጠዋት ሁለት ተኩል ነበር። ከስድስት ሰዓት ልዩነት የተነሣ ሥራ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ሰዓት ስትጽፉ ሁልጊዜ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ጨምሩበት፤ በኛ አቆጣጠር መሆኑንም ተናገሩ።

ስለ ፊደልም ልንገራችሁ። አንድ መሪጌታ የቅኔ ጉባኤ ቤታቸውን ደብዳቤ ሊያስጽፉ ይመጡ ነበር። ተራቸውን ሲጠብቁ የታተመ ጽሑፌን አንሥተው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ንጉሥን በእሳቱ ሰ ትጽፊያለሽ? ፀሐይንስ በጸሎቱ ጸ?" አሉኝ። ጎጃም ላይ ተቀምጦ ፊደል ማበላሸት ቀልድ አይደለም። አፈርኩ። ግን የኢንተርኔቱ ነገር እንዲህ ነው፦ ሰው የሚፈልገው በለመደው አጻጻፍ ነው። አንዱ "ፀሐይ" ብሎ ይፈልጋል፣ አንዱ "ጸሀይ" ብሎ። በአንዱ ብቻ የጻፋችሁት በሌላው ለሚፈልግ ላይመጣለት ይችላል። ይህን ለመሪጌታ አስረዳኋቸው። አሁን የማደርገው ጽሑፉን ሁሉ በትክክለኛው ፊደል እጽፍና ሰው በብዛት የሚጽፍበትን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስገባለሁ። ስነግራቸው ሳቅ ብለው "ስሕተቱን አውቀሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሠሪው ማለት ነው? እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

ስለ ኑሮ የምጽፈውን ሰው ከቴክኖሎጂው በላይ ይወድልኝ ነበር። ስለዚህ ደፈር አልኩ። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት እናት ጻፍኩ። ልጇ ቤይሩት ናት። በኢሞ ስትደውልላት እናትየው ስልኩን ገልብጣ ስለምትይዘው ልጅቱ የምታየው የቤቱን ጣሪያ ነው። እናት ታለቅሳለች፤ ልጅ ጣሪያ እያየች ታለቅሳለች። ልጅቱ ለወራት ገንዘብ መላክ እንዳልቻለች፣ እናትየው ለጎረቤት "ልካልኛለች" እያለች እንደምትዋሽም ጽፌ ነበር። ስም አልጠቀስኩም። አንባቢ በእንባ ተራጨ። እኔ ኮራሁ።

እናትየው አክስቴ ነበረች። ስሟን ባልጠራም ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት። "ጠላ የምትሸጥ፣ ልጇ ቤይሩት ያለች" ማለት ከበቂ በላይ ነው። የጎረቤት ልጅ በስልኩ አነበበላት። አክስቴ ሱቄ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም። "ገመናዬን ገበያ አወጣሽው አይደል?" አለችና ሄደች። በዚያ ዓመት ፋሲካን ቤታችን አልመጣችም። እናቴም እኔን ማናገር ከበዳት። ጽሑፉን ወዲያው አነሣሁት፤ ግን ሰው አንዴ ኮፒ ካደረገው በኋላ ማንሣት ምን ዋጋ አለው? በሽማግሌ ነው የታረቅነው። ሽማግሌዎቹ ፊት አክስቴ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ማልቀሴን መጻፏ አልከፋኝም። ሳትጠይቀኝ መጻፏ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው የጻፍኩትን ለባለቤቱ ጮክ ብዬ ሳላነብ አላወጣም። በስልክ ልኮ "እሺ በይኝ" ማለት አይበቃም፤ ሰው በጽሑፍ ሲያየውና በጆሮው ሲሰማው ይለያያል። ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና ካለ በቡናው ላይ፣ አንብቡለት። ፊቱን እዩ። አንገቱን የደፋበትን መስመር አውጡት፤ "ግድ የለም" ቢላችሁም አውጡት። ስሙን ወደ ሌላ ስም፣ ማርቆስን ወደ ደምበጫ ብትቀይሩ የሚያውቀው ሰው ማወቁ አይቀርም። አክስቴ አሁን የሁሉም ጽሑፌ የመጀመሪያ አድማጭ ናት። ጨካኝ ናት። "ይቺ ረዘመች" ትለኛለች፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናት።

ሁለተኛው መከራ የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ብዙውን ጽሑፌን ያስቀመጥኩት በአንድ አካውንት ሥር ነበር። አካውንቱን ስከፍት የሰጠሁት ስልክ ቁጥር ገና ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት ሲም ነው። ሲሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አንድ ቀን ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ በአዲስ ልገባ ስል "ወደ ስልክሽ ኮድ ልከናል" አለኝ። ኮዱ የሄደው ለማላውቀው ሰው ነው። ደወልኩለት። ደጀን ያለ ሾፌር ነው። ስደውልለት መኪና እየነዳ ነበር መሰለኝ ጮኸብኝ። በኋላ ሲረጋጋ ስደውልለት ግን "ኮድ ለማንም አትስጥ ተብያለሁ" አለኝ። ምን ልበለው? እኔው ራሴ የምጽፈው ምክር ነው! ለድርጅቱ በተደጋጋሚ ጻፍኩ። መልስ የሚሰጠው ማሽን እንጂ ሰው አልነበረም። አካውንቱ እንደተዘጋ ቀረ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትነሡ፣ የኢሜይልና የሌላውንም አካውንት መመለሻ ስልክ ቁጥር እዩ። አሁን በእጃችሁ ያለ ሲም ነው? ካልሆነ ቀይሩት። ሁለተኛ መመለሻ ኢሜይል ጨምሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ካበራችሁ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልደት ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡት። ስልክ ውስጥ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ መሰረቅ ነው።

የጠፋውን ፍለጋ ወራት ፈጀብኝ። ጥቂቱን የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ አገኘሁት። የድሮ ገጾችን ኮፒ እያደረገ የሚያስቀምጥ ነው፤ የገጹን አድራሻ ካስታወሳችሁ በነጻ መፈለግ ትችላላችሁ። ጥቂቱን አንባቢዎች ከስልካቸው አውጥተው ላኩልኝ። የጳጉሜኑን ጽሑፍ ያገኘሁት ከባህር ዳሩ ፎቶኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ወንድሜ ሄዶ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ባለሱቁ ስሜን ሳይጽፍ ስለለጠፈው አማርሬው ነበር፤ አሁን ግን ባለውለታዬ ሆነ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ የምጽፈው ኮምፒውተሬ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ኮፒው ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው ፋይል አደርገዋለሁ። የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምራል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ራሱ በተራ ይደረድረዋል። አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ባህር ዳር ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ አለ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም፤ ባዶ ሆኖ የሚመጣ ፍላሽ በየሳምንቱ አያለሁ። የምወዳቸውን ደግሞ በወረቀት አትሜ በማኅደር አስሬያቸዋለሁ። ትልልቆቹም ቢሆኑ አገልግሎት ይዘጋሉ፤ ጎግል ሪደር በ2005 ዓ.ም.፣ ጎግል ፕላስ በ2011 ዓ.ም. ተዘግተዋል። ያኔ ኮፒ ያወረደ ሰው ምንም አልሆነ።

የወረቀቱ ጥቅም ደግሞ ሳላስበው መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራት ቆየ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የሚነገር አለ፤ እኔ የምነግራችሁ የሱቄን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ መጻፌም አበቃ ብዬ ነበር። ሰው ግን መጠየቁን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት። "ቴሌብሬ ውስጥ ያለው ብሬ ቀረ?" እያሉ የሚመጡ እናቶች ነበሩ። ቴሌብር ከተጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰው የለመደው መተግበሪያውን ነው፤ *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚቻል ብዙው አያውቅም። የግማሽ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ምን ተጭኖ ምን እንደሚመረጥ ተራ በተራ። ከታች በትልቁ "ፒን ቁጥራችሁን ለደወለ ሁሉ አትንገሩ፤ ሽልማት ደርሷችኋል ቢልም" የሚል ጨመርኩ። አትሜ ካውንተሩ ላይ ደረደርኩት። ስማርት ስልክ ላለው በብሉቱዝና በዜንደር ሰጠሁት፤ ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲሆን ኢንተርኔት አይፈልግም። ከቀናት በኋላ ያው ወረቀት ከሉማሜ በመጣ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ተመለሰ።

በዚያ ወቅት የጻፍኳቸው ከሁሉም ጽሑፎቼ ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ። ወረቀትና ቶነር ውድ ስለሆነ አላስፈላጊ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ዛሬ ኢንተርኔት እያለም ጽሑፌን መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ላይ ለማብቃት እሞክራለሁ። (ይህኛው ረዘመ፤ አክስቴ አላየችውም።)

የሚያስቀይማችሁ ሰውም ይኖራል፤ ተዘጋጁ። አንድ ጊዜ "ፎቶኮፒ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት" የሚል ጻፍኩ። ሱቅ ኮምፒውተር ላይ የከፈታችሁትን ኢሜይል ዘግታችሁ ውጡ፤ ከዴስክቶፑና ከዳውንሎድ ላይ ፋይላችሁን አጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ፤ ቴሌግራም ከፍታችሁ ከነበረ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ የሚል ነው። የከተማችን ባለሱቆች አኮረፉኝ። "ሌባ ናቸው አልሽን" አሉ። አላልኩም። የሰው ዲግሪና የባንክ ወረቀት በየኮምፒውተሩ ተዘርግቶ ሲቀር እያየሁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ያንን ጽሑፍ አላነሣሁትም፤ የአክስቴን ሳነሣ ያላመነታሁትን ያህል እዚህ ላይ ጸናሁ። የሰው ገመናና የሰው ጥቅም ሲነካ የሚሰማው ጩኸት ይመሳሰላል። ለመለየት ጊዜ ውሰዱ።

ገንዘብስ? ለሚለው፣ ከጽሑፉ በቀጥታ ያገኘሁት የለም። ደንበኛ ግን አምጥቶልኛል። "አንቺ ነሽ የጳጉሜኗ?" ብሎ ከሩቅ የሚመጣ አለ። መብራት ሲጠፋና ቶነር ሲያልቅ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ ብላችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጉ፤ ሥራ ካላችሁ ግን ሥራችሁን ይረዳዋል።

አሁን ደብተሬ ላይ ብዙ ጊዜ የተመዘገበው ጥያቄ የስም አጻጻፍ ነው። ስሙ በአማርኛ አንድ ሆኖ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ፋይዳው ላይ ሌላ የሆነበት ሰው እየበዛ ነው። አንዲት ፊደል መሀል ገብታ ወይም ወጥታ ሰውየውን ሁለት ሰው ታደርገዋለች። ገና ፋይዳ ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእንግሊዝኛ ስማችሁ ያለበትን ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት፤ የትኛውን እንደምትይዙ ወስናችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። መዝጋቢው ሲጽፍም ስክሪኑን አሳዩኝ በሉ። በዚህ የተቸገራችሁ ካላችሁ ታሪኩን ንገሩኝ። ወረቀቱን በፎቶ አትላኩልኝ። ስማችሁን አልጽፍም፤ ሳይወጣ በፊትም ደውዬ አነብላችኋለሁ።